ከቀለሙ ሥር የቀሩት

ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ፍየል እንደ ነዋሪ ናት። የማን እንደሆነች ሳይታወቅ ከደጅ ደጅ ትዞራለች፣ ካርቶን ታኝካለች፣ ጥላ ባገኘችበት ትተኛለች። ሚኒባስ ሲመጣ ግን ዘላ ትሸሻለች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ታክሲ ተሳፍራ ሳትከፍል ወርዳለች። ውሻ መኪና የሚያባርረው መልሱን ስላልሰጡት ነው። አህያ ደግሞ ሂሳቧን በትክክል ስለከፈለች ቢያጮሁባትም ከመንገድ አትነቃነቅም።

ይህችን ቀልድ ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሂሳብ» ብሎ ፊልም አድርጓታል። ዕዝራ አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ የገባ፣ ኑሮውን ኒው ዮርክ ያደረገ ሰው ነው። ፊልሙ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። ቀልዱን አስቀድሜ ስለማውቀው እኔን የያዘኝ አሠራሩ ነው። ሁሉንም የሳለው በአንድ ሸራ ላይ ነው። ይስላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ በዚያው ላይ ደርቦ ቀጣዩን ይስላል። ሚኒባሱ ጥቂት ወደፊት እንዲል፣ አሁን ያለው ሚኒባስ በቀለም መሸፈን አለበት። አህያዋ ጆሮዋን እንድታዞር የፊተኛው ጆሮ ይጠፋል። እያንዳንዱ ሥዕል ተለክቶ፣ ቀለሙ ተመርጦ፣ ብሩሹ የሄደበት እየታየ ተሠርቶ ሲያበቃ በራሱ በሠዓሊው እጅ ይቀበራል። በመጨረሻ በእጅ የሚቀረው አንድ ሸራ ነው። የቀሩት ሁሉ ከሥሩ ተኝተዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት አይከፋም፤ ርእሱም ሂሳብ ነውና። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ይፈልጋል። በእጅ የሚስሉ ሰዎች አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያነሱ በ12 ቢገላገሉም እንኳ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ነው። እኛ ግን ወጥተን የምናወራው ስለ ታሪኩ ነው። ስለ ሥዕሉ ከተናገርን «ደስ ይላል» ብለን እናልፋለን።

ሥራውን ያልፉት የነበሩት ተመልካቾች ብቻ አልነበሩም። በድሮዎቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ገጸ ባሕርያቱ የሚቀቡበት ግልጽ ፕላስቲክ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ለሌላ ሥዕል ይውል ነበር። ጃፓኖች ሻል ይላሉ። «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተባለውን ፊልም ዛፍና ሰማይ የሳለው ኦጋ ካዙኦ በ2007 ሥዕሎቹ ቶኪዮ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅለውለታል፤ ያለ ገጸ ባሕርይ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ማንኛውም ሥዕል።

ባለፈው ሰሞን ከጎረቤቴ ልጅ ጋር «ኪሪኩ»ን አየን። ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ በ1998 ያወጣው፣ አንድ ትንሽ ሕፃን ጠንቋይቱን የሚገጥምበት ፊልም ነው። ኦስሎ ልጅነቱን ያሳለፈው ጊኒ ነው፤ ለጫካው ደግሞ የሠዓሊውን የሄንሪ ሩሶን ቅጠላ ቅጠል መነሻ አድርጓል። እኔ ኪሪኩ ላይ አፍጥጫለሁ። ልጅቱ ግን «ጋሼ፣ አቁመው» አለችኝ። አቆምኩት። «ይሄን ሁሉ ቅጠል ማነው የሳለው?»

ስንት ፊልም አይቼ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

የሚገርመው ደግሞ እንዲህ ማየት ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፋፍሎ የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን መንገድ ሰው በጣቱ እየተከተለ ያየዋል። ቸኩሎ የሚያልፍበት የለም፤ ፊልሙን የሚያንቀሳቅሰው ተመልካቹ ራሱ ነው። ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ከጎን የመሳል ልማዳችንም እያንዳንዱን ፊት ቆም ብሎ የሚያይ ዓይን እንዳለ አምኖ የተሠራ ነው። ያ ዓይን ስክሪን ፊት ስንቀመጥ የት እንደሚሄድ እንጃ።

ስለዚህ «ሂሳብ»ን ካገኛችሁት ሁለት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ ለቀልዱ። ቀጥሎ እያቆማችሁ፣ ልጅ አጠገባችሁ ካለ እያስቆማችሁ፣ ለሥዕሉ። ሳይከፍሉ መውረዱን ለፍየሏ ተዉላት።