ፊደል ቢጫወትም እጁን አይጣል

ባለፈው እትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ትምህርት ለሁሉም» የሚለው ርዕስ ከወጣ ወዲህ በመኝታ ክፍልም ሆነ በመመገቢያ አዳራሽ ሌላ ወሬ የለም። እንደሚታወሰው ርዕሱን የጻፈው ጓደኛችን ፊደላቱን በተለመደው ቁም ጽሕፈት አልጻፋቸውም። እንደ አሶሳ ቀርከሃ አንጓ እያበጀላቸው፣ እግራቸውን እያስረዘመ፣ ራሳቸውን እያጎነበሰ ነው የሣላቸው። ግማሾቻችን «እሰይ! ጋዜጣችን መልክ አገኘ» ስንል፣ ግማሾቻችን ደግሞ «ምኑ ነው የሚነበበው? መምህር ሊሆን የመጣ ሰው ፊደል ያበላሻል እንዴ?» ብለናል። እኛም ዕጩ መምህራን እንደመሆናችን ክርክሩ በሹክሹክታ ከሚቀር እዚሁ ሰሌዳ ላይ ቢወጣ ይሻላል ብለን ይህን አስተያየት አቅርበናል።

ጓደኛችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀደም ሲል በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በከሰል ፊደል ሲጽፍ ተቆጥተነዋል፤ ግድግዳውንም አብረነው በኖራ ቀብተናል። ኋላ የጋዜጣው ኮሚቴ «ግድግዳውን ተወውና ወረቀቱን ያዝ» ብሎ የርዕሱን ሥራ ሰጠው። ከሰል ትቶ ብሩሽ ያዘ። ታዲያ አሁን ወረቀቱንም እንቀማው ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ፊደላችን ከጥንት ጀምሮ አንድ መልክ ብቻ ነበረው ማለት ስሕተት ነው። ከንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ ማለትም ከ4ኛው ምዕተ ዓመት በፊት፣ «ለ» እና «ሉ» በጽሕፈት አይለዩም ነበር። ዛሬ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያልን የምናስተምራቸው ቅጥያዎች በኋላ የተጨመሩ ናቸው። የብራና ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ብርዓቸውን አንድ ዓይነት አልቀረጹም፤ ጉልህ የሚባለው ወፍራም አጻጻፍ ነበር፣ ረቂቅ የሚባለው ቀጭኑም ነበር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ደግሞ 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት፣ በጠቅላላው 231 ቅርጾችን፣ በጥቂት ቁልፎች ለመምታት ሲባል ቅጥያው ለብቻው እየተመታ በፊደሉ ላይ እንዲለጠፍ ተደረገ። መልኩ አላማረም፤ ሥራውን ግን ሠርቷል።

በሁለተኛ ደረጃ ፊደልን የጥበብ ሥራ ያደረገው የእኛ ጓደኛ የመጀመሪያው አይደለም። ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በአዲስ አበባ ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ በኋላም በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የቀጠለ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በፊደላችን ነው። ፊደሉን ይገነጥለዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያስረዝመዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነበብ ቃል አያወጣለትም። ሥዕሉ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወጣቶች ስማቸውን በባቡር ላይ ሲጽፉ፣ ፌዝ ቱ የተባለው ልጅ እንደ አረፋ የተነፉ ፊደላትን አወጣ። የሰው ንብረት ላይ መጻፋቸው ያስወቅሳቸው ነበር፤ ያስወቅሳልም። የፊደላቸው አጣጣል ግን ኋላ በመጽሔት ሽፋንና በሸክላ ዘፈን መያዣ ላይ ወጥቶ የዓለም ወጣት ሁሉ ተከተለው።

ይህን ስንል የተቃዋሚዎቻችንን ሐሳብ አቃለን አይደለም። እንዲያውም ከእነሱ አንዷ የተናገረችው ነገር እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም። «አሶሳ ላይ አንድ ሕፃን ስንት ፊደል እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ?» ነበር ያለችው። እውነቷን ነው። የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። አማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ደግሞ ዐረብኛውን ሉህ ላይ ያየዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር በርታና ጉሙዝ ከ15ቱ ውስጥ አልነበሩም። በዚህ አካባቢ ለብዙ ቤተሰብ ፊደል ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ነው፤ እንግዳን ደግሞ ጭምብል አልብሰው አያስገቡትም።

ይህንን ክርክር የቆረጠልን አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የማስተማር ልምምድ ከምናደርግበት ትምህርት ቤት ከእኛ ጋር መጥቶ ሰሌዳው ሥር ቆመና ርዕሱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ «ትምህርት ለሁ... ለም»። መጀመሪያ ሳቅን። ቀረብ ብለን ስናይ ግን ልጁ አልተሳሳተም። ጓደኛችን የ«ሉ»ን እጅ የቀርከሃ አንጓ አድርጎት ኖሮ ከሌሎቹ አንጓዎች ጋር ተመሳስሎ ጠፍቷል። «ሉ» የነበረው «ለ» ሆኗል። የ«ት» አንገት ተቆልምሟል፣ የ«ም» ሆድ ተነፍቷል፤ ልጁ እነሱን ሁሉ ያለ ችግር አንብቧቸዋል። ያቃተው ያቺ ትንሽ ጭረት የጠፋችበት ላይ ብቻ ነው።

እኛ ከዚህ የተማርነው ነገር አለ። ፊደል ብዙ ነገሩ ቢለወጥም ይነበባል፤ አንዳንዱ ነገሩ ግን ከተነካ ሌላ ፊደል ይሆናል። የትኛው ጌጥ እንደሆነ፣ የትኛው ሕይወቱ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የሠዓሊው ብቻ ሳይሆን የመምህሩም ዋና ሥራ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከዚያ ቀን በፊት ስንቶቻችን «ለ»ን ከ«ሉ» ምን እንደሚለየው ቆም ብለን አስበን እናውቃለን? ፊደልማ እናውቃለን ብለን ነው እኮ የመጣነው! ያንን ያሳየን የጓደኛችን «የተበላሸ» ርዕስ ነው።

ስለሆነም በበኩላችን የሚከተለውን እናሳስባለን። የጋዜጣው ርዕስ ለጓደኛችን እንደተተወ ይቆይ፤ የውስጡ ጽሑፍ ግን በቁም ጽሕፈት፣ ጥርት ብሎ ይጻፍ። ርዕሱ ከመለጠፉ በፊት ማንበብ የጀመረ አንድ ልጅ ያንብበው፤ ልጁ ካነበበው ይለጠፍ፣ ካላነበበው ይታረም። ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማናችንም በፊደል አንጫወት። የመኝታ ክፍሉም ግድግዳ በኖራው ይቆይልን።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ አልተቀየመም። «የሉን እጅ እመልስላታለሁ፤ ቀርከሃውን ግን አልተውም» ብሏል። እኛም አትተው ብለነዋል። የሚቀጥለው እትም ሲወጣ ያ ልጅ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ሲያነብ መጥታችሁ ስሙት።