ለልጆች ጥርስ የሚታዘዝ ፍሎራይድ፦ ከማዘዣው በፊት ውሃው ይታወቅ

ሪያድ፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለልጆች በሐኪም የሚታዘዙ የሚዋጡ የፍሎራይድ ክኒኖችና ጠብታዎች ላይ ገደብ የሚጥል እርምጃ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 መጨረሻ አስታውቋል። በመሥሪያ ቤቱ አቋም መሠረት ምርቶቹ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናትም ሆነ የጥርስ መበስበስ ስጋታቸው ከፍተኛ ላልሆነ ትልልቅ ልጆች ሊሰጡ አይገባም። የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት በበኩላቸው፣ ውሃው ፍሎራይድ በሚያንስበት አካባቢ ለተጋላጭ ልጆች መድኃኒቱ ጠቃሚ ነው ይላሉ።

ክርክሩ በሪያድ የሚኖሩ ወላጆችንም ይመለከታል። በ2013 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው፣ በሳዑዲ ዓረቢያ የጥርስ መበስበስ ስርጭት በልጆች የወተት ጥርስ 80 በመቶ፣ በቋሚ ጥርስ ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ነው።

ፍሎራይድ በስኳር ምክንያት በአፍ ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ የሚሸረሽረውን የጥርስ ሽፋን መልሶ ያጠነክራል። ዋናው ጥቅሙ የሚገኘው ጥርሱን በቀጥታ ሲነካ ነው። ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ከመጠን በላይ ከተዋጠ ግን በጥርስ ላይ ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ያስከትላል።

የሪያድ የመጠጥ ውሃ አብዛኛው ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ከጁበይልና ከራስ አል ኸይር ጨው ተጣርቶለት በረጅም ቧንቧ የሚመጣ ሲሆን ከጉድጓድ ውሃ ጋርም ይቀላቀላል። የማጣራቱ ሂደት ከጨው ጋር አብዛኛውን ፍሎራይድ ያስወግዳል። ጨው የሚያጣሩ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በታሸገ ውሃ ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ ከምርት ምርት ይለያያል፤ በጠርሙሱ ላይም ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ሁለት ልጆች የሚያገኙት ፍሎራይድ እኩል ላይሆን ይችላል።

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም የተመሠረተው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። በሊትር ከ0.6 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ለሚጠጣ ልጅ ክኒን አይታዘዝም። ከ0.3 በታች ከሆነ ግን ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆነ ተጋላጭ ልጅ በቀን 0.5 ሚሊግራም ሊታዘዝ ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም ጣሪያ በብዙ እጥፍ የሚያልፍባቸው ስፍራዎች አሉ። ከዚያ የመጣ ልጅ ጥርስ ቡናማ ቢሆን ምክንያቱ የንጽሕና ጉድለት ላይሆን ስለሚችል፣ ወላጅ ልጁ ያደገበትን ስፍራና የጠጣውን ውሃ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።

ለብዙዎቹ ልጆች ከክኒን የሚቀድመው በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ነው፤ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። ጣፋጭ መጠጥ መቀነስና በሐኪም የሚቀባ ፍሎራይድም ይረዳሉ። ለአንዱ ልጅ የታዘዘ ክኒን ለወንድም ወይም ለእኅት መስጠት ግን አደገኛ ነው። ምክር የሚሹ ወላጆች በጤና ሚኒስቴር የ937 መስመር መደወል ይችላሉ። ወደ ሐኪም ሲሄዱም ልጁ የሚጠጣውን የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ይዞ መቅረብ ሐኪሙ ትክክለኛውን ውሳኔ እንዲሰጥ ያግዘዋል።