ከጅማ እስከ ቴፒ በቢስክሌት

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ኑሮ ስጽፍ ብዙ ጊዜ የሌላውን ሰው ነገር እያነሣሁ ምክር የሰጠሁ ነኝና፥ ዛሬ የራሴን ነገር ብነግርህ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ። ነገሩም ባለፈው ኅዳር ወር ከጅማ ተነሥቼ በቦንጋና በሚዛን ተፈሪ በኩል እስከ ቴፒ ድረስ ብቻዬን በቢስክሌት የሄድሁት መንገድ ነው። ርዝመቱ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን እኔ በአምስት ቀን ፈጸምሁት።

ስለ ምን በአውቶቡስ አልሄድህም የሚለኝ ብዙ ነው። አስቀድማ የጠየቀችኝም ባለቤቴ ናት። «የአራት ልጆች አባት ነህ፤ የጭነት መኪና ቢገጭህ ለልጆቹ ቢስክሌቱን ላውርሳቸውን?» አለችኝ። ቃሏ እውነት ስለ ሆነ የምመልሰው አጣሁ፤ ዛሬም ቢሆን በሙሉ አልመለስሁላትም።

ምክንያቱ ግን እንደሚከተለው ነው። ቴፒ ላይ ታላቅ እኅቴ ትኖራለች። አባታችን ካረፈ በኋላ ከከተማው ዳር የተወልንን ትንሽ የቡና ማሳ የምትጠብቀው እርሷ ናት። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ዘመዳችን ስልክ ደውሎ «እኅትህ የአባትህን ቡና ከሥሩ ቈርጣ ጨረሰችው» ብሎ ነገረኝ። እኔም ሳላጣራ በዚያው ሰዓት ደውዬ፥ ታላቅን የማያከብር፥ በወረቀት ሊጻፍ የማይገባውን ቃል ተናገርኋት። እርሷም አንድ ቃል ሳትመልስ ስልኩን ዘጋች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራዬ የወንድምና የእኅት ክርክር በየቀኑ ስመዘግብ የምውል ሰው ነኝ። የሌላውን ሰው ክስ ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ለእኅቴ አንድ ደብዳቤ ልጽፍ ብዬ ግን ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። አንድ ጊዜም በአውቶቡስ ሚዛን ድረስ ሄጄ፥ ከመናኸሪያው ሳልወጣ በማግሥቱ ተመልሻለሁ። መንገዱ እጅግ አጥሮብኝ ነበርና።

ቢስክሌት መንዳት የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ወደዚያ በገባሁ ጊዜ ከመምህራኑ አንዱ ቢስክሌት ነበረውና፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማውን ላጠበለት ልጅ አንድ ዙር ይፈቅድ ነበር። የጎማ ጭቃ በማጠብ እኔን የሚቀድም አልነበረም።

ብቻውን በቢስክሌት ሩቅ አገር የሄደ ሰው ከጥንትም ነበረ። ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ፥ የፊት መንኰራኵሩ እጅግ ትልቅ የኋላው እጅግ ትንሽ በሆነ ቢስክሌት፥ ባሕሩን በመርከብ እየተሻገረ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ገባ። ደንሎፕ በነፋስ የሚነፋውን ጎማ የሠራው በ1888 ስለ ሆነ፥ ያ ሰው ያን ሁሉ አገር የዞረው በደረቅ ጎማ ነው። ደርቭላ መርፊ የምትባል የአየርላንድ ሴት ደግሞ በ1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ ብቻዋን በቢስክሌት ሄደች። ይህች ሴት ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በመጣች ጊዜ ግን ጓዟን በበቅሎ ጭና በእግሯ ነበር የተጓዘችው፤ ተራሮቻችንን ስላየሁ አልፈርድባትም። ከእኛም ወገን በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦሊምፒክ ወደ ሜልቦርን ሰዎች ስትልክ ከሯጮቹ ጋራ ቢስክሌተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር ገባ። የተወዳዳሪ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ውሃ የሚያቀብልና የተሰበረ የሚጠግን መኪና ይከተለዋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያልያዘው ነገር የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፥ መለጠፊያ፥ መንፊያ፥ ለሰንሰለቱ ትንሽ ዘይት፥ ሁለት ቍልፍ፥ የዝናብ ልብስና ሦስት ሊትር ውሃ ያዝሁ። ጓዝን በጀርባ መሸከም ወገብን ስለሚገድል፥ ሁሉን ከኋላው መንኰራኵር ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጌ አሰርሁት። የፍርድ ቤት ዕረፍት በክረምት ቢሆንም የዚያ አገር ክረምት ለቢስክሌት አይመችምና፥ የዓመት ፈቃዴን ለኅዳር አቈየሁት። ስለ መንገዱ ሰላምም ሾፌሮችን በየቀኑ ጠየቅሁ። ለባለቤቴ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከአንድ ከተማ ገብቼ ልደውልላት፥ ከመሸም አንድ ሜትር እንኳ እንዳልነዳ ቃል ገባሁ። ለእኅቴ መምጣቴን አላስታወቅሁም።

የመጀመሪያውን ሌሊት በሸቤ አደርሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ውሃውም ወደ ኦሞ የሚገባ ነው። በዚህ ቍልቍለት የሠራሁትን ጥፋት ሌላው ሰው እንዳይደግመው እጽፈዋለሁ። ፈርቼ ነበርና ሁለቱን ፍሬን ጨብጬ ሳልለቅ ወረድሁ። እንዲህ ሲያደርጉ የመንኰራኵሩ ጠርዝ ይግላል፥ የፍሬኑ ጎማ ያልቃል፥ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚገባው የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። የኋላው ፍሬን ጎማ አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ፤ በዚያው ቅጽበት ከበስተኋላዬ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ወደ ቦዩ ገባሁ። ጕልበቴ ተላጠ፥ ሱሪዬም ተቀደደ፤ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘኝም። ከቦዩ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ግን የባለቤቴ ቃል በጆሮዬ ደወለ፤ ልመለስም ዐስቤ ነበር። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ቢስክሌቱን አቃናልኝና «አባባ፥ ይህ ነገር ዳገት ላይ ይሸከሙታል ወይስ ይሸከምዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ቢስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ስለ ወጣሁ፥ መልሱን ሳያገኝ አልቀረም።

ከቦንጋ ጀምሮ ያለው አገር ስለ ውበቱ ብዙ የተባለለት ስለ ሆነ አላስረዝምም። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ እንደ ገባ፥ ቡናም በዚህ ደን ውስጥ ማንም ሳይተክለው እንደሚበቅል የታወቀ ነው። በቢስክሌት የሚሄድ ሰው የሚያተርፈው ግን ሽታውን ነው። ከውሽውሽ የሻይ እርሻ አጠገብ አንድ ሽታ አለ፤ ከቀረሮና ከዋንዛ ዛፍ ሥር ሌላ አለ፤ ቡና ከተሰጣበት መንደር ሲደርሱ ደግሞ እንደ ጠጅ ጥንስስ ያለ ሽታ ይቀበላል። ጉሬዛውም የመኪና ድምፅ ሲሰማ ይሸሻል እንጂ ቢስክሌቱን ቈሞ ይመለከታል።

ስለ ቡናው መሰጣት ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከጫና ወዲህ በብዙ ስፍራ ሰዎች እሸቱን ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያሰጡታል፤ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ነው። ቡና ግን የነካውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ በቆጥ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በየጊዜው እየተገላበጠ ቢደርቅ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ይልቁንም ቡናውን የሚያገላብጡት ሕፃናት ናቸው። እኔ ራሴ ከአንድ መታጠፊያ ስወጣ የስድስት ዓመት ያህል ልጅ ከፊቴ ቍጢጥ ብላ አገኘሁና፥ በቀረኝ አንድ ፍሬን በጭንቅ ቈምሁ። መኪና ቢሆን ኖሮ አይቈምም ነበር። እናቲቱ ደንግጣ ወጣች፤ እኔ ልቈጣ ስል እርሷ ቀድማ ከጥላው አስቀምጣ፥ ከቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከበርበሬ የተፈላ ጨሞ ሰጠችኝ። ሁለት ቅል ጠጣሁ፤ ቍጣዬንም ረሳሁት። ልጅቱ ግን ወደ መንገዱ ተመልሳ ነበር።

ሚዛን ተፈሪ በአራተኛው ቀን ገባሁ። ዛሬ ከአማን ጋራ ተዋሕዶ ሚዛን አማን የሚባል፥ ዩኒቨርሲቲም ያለበት ከተማ ሆኗል። ጌሻ የሚባለውና በዓለም ገበያ እጅግ ውድ የሆነው የቡና ዘር የተገኘው ከዚሁ አገር ጫካ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ዘሩ ተለቅሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፥ ከዚያም ወደ ኮስታ ሪካና ወደ ፓናማ ሄደ፤ በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ ስሙ ተነሣ። ይህን በሆቴሉ በረንዳ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ባወራላቸው፥ «ልጄ፥ ከቤት ሳለ ማን ስሙን ጠየቀው?» አሉኝ። የፍሬኑንም ጎማ በዚያ ከተማ ፈለግሁ፤ ለቢስክሌቴ የሚሆን አጣሁና ጠጋኙ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቈርጦ ሠራልኝ።

ከሚዛን እስከ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሸኮ በኩል ጫካውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሚዛን ከባሕር ወለል 1,450 ሜትር ገደማ፥ ቴፒ ደግሞ 1,200 ገደማ ስለ ሆነ፥ በጠቅላላው መውረዱ ይበልጣል። ይህን ቀን ሙሉ የምናገረውን ቃል ሳዘጋጅ ዋልሁ። እንደ ለመድሁት በክስ መልክ፥ አንደኛ ሁለተኛ እያልሁ።

ከደጇ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። እኅቴ ቡና ስታገላብጥ ቀና ብላ አየችኝ፤ በአቧራና በላብ ስለ ተለወጥሁ በመጀመሪያ አላወቀችኝም። ባወቀችኝ ጊዜ «ጕልበትህ ምን ሆነ?» አለችኝ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። «እትዬ፥ ወደቅሁ» አልኋት። ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፤ ስለ አራቱ ዓመትም አንድ ነገር አላነሣችም።

በማግሥቱ ጧት ወደ ማሳው ወሰደችኝ። ቡናው በእርግጥ ተቈርጦ ነበር። ያረጀ ቡና ፍሬው ሲያንስ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በስላች ይቈረጣል፤ ከጕቶው ከሚያቈጠቍጠው ሁለት ወይም ሦስት ብርቱ ቅርንጫፍ ተመርጦ ይቀራል፥ የቀረው ይነቀላል። ይህ ሥራ ጕንደላ ይባላል። ለሁለት ዓመት ያህል ማሳው እንደ ምድረ በዳ ሆኖ ይታያል፤ ያ ዘመዳችን ያየውም ያን ጊዜ ነበር። አሁን ግን ከእያንዳንዱ ጕቶ የወጣው ቡና ቀይ ፍሬ ተሸክሞ ጐንበስ ብሏል። የግብርና ባለሙያ መክሯት እንደ ነበር ነገረችኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፥ «ጠይቀኸኝ ነበርን?» አለችኝ። ይቅር በይኝ አልኋት። «እሺ» አለችኝ፤ ነገር ግን ዐይኗ እንባ አቅርሮ ወደ ሌላ ጕቶ ዞረች። ሁሉ ነገር በዚያች ጧት አለቀ ብል ሐሰት ይሆናል፤ የማሳው ድርሻ ገና አልተለየም። ለፋሲካ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋራ ስመጣ በሁለት ሽማግሌ ፊት እንጨርሰዋለን ተባብለናል፤ ወደ ፍርድ ቤት ግን አንሄድም።

ሦስት ቀን አብሬያት ለቀምሁ። ስመለስም ቢስክሌቱን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጫንሁት፤ አንድ ከረጢት ጀንፈል ስለ ሰጠችኝ በሌላ መንገድ መመለስ አልችልም ነበር። ባለቤቴ ከመናኸሪያው ተቀብላኝ አስቀድማ የተመለከተችው ሱሪዬን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን በቢስክሌቱ እስከ አጋሮ ልሂድ ማለት ከጀመረ እነሆ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ እናቱም መልሱን እንድሰጠው ወደ እኔ ትልከዋለች።