ሦስት ክፍል፣ አንድ ማሞቂያ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ይሞቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አዲስ አበባን ገና አልለመዳትም ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የተቀመጥነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ደግሞ ቀን የሞቀው መሬት ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ከጥቅምት እስከ ጥር ቀን ጃኬት አውልቀን ማታ ጋቢ የምንደርበው። አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ ብርዱን በሥጋ ይመክቱት ነበር። በዛሬው የሥጋ ዋጋ ግን ማሞቂያው ሳይረክስ አይቀርም።

የዚህ ወር ጉዳያችንም እሱው ነው። ሳሎን አለ፣ የልጆች ክፍል አለ፣ የእኛ መኝታ አለ፤ አያት ከመጡ ደግሞ አንድ ክፍል ይጨመራል። ይህን ሁሉ ኪሳችን ሳይጎዳ እንዴት እናሙቀው?

እኔ አምና መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ባለ 2,000 ዋት ሦስት ማሞቂያዎች ገዛሁ፤ ለየክፍሉ አንድ አንድ። የመጀመሪያው ምሽት ሦስቱንም እንዳበራናቸው ቤቱ ጨለመ። ባለቤቴ «መብራት ሄደ» ብሎ በመስኮት ቢያይ የጎረቤት ቤት ሁሉ በርቷል። የወደቀው የእኛው ብሬከር ነበር። መለሰው፤ ተመልሶ ወደቀ።

ነገሩ ግልጽ ነው፤ እኔ ነኝ ቀድሜ ያላሰላሁት። በ220 ቮልት አንድ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ 9 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከተሰኩ 18 ይሆናሉ፤ የሶኬት መስመር ብሬከር ደግሞ ብዙ ጊዜ 16 ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ ይህን ጠንቅቃችሁ ታውቁታላችሁ። ምጣዱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሌላ ከባድ ነገር አይሰካም። ብሬከሩ ወደቀ ብላችሁ ከፍ ባለ ቁጥር እንዳትቀይሩት። ብሬከሩ ካልወደቀ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ማሞቂያን በማከፋፈያ መሰካትም አይሆንም፤ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት፤ ከጋለ አጥፉትና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

ወደ ገበያው እንሂድ። ማሞቂያ ስትገዙ በየሱቁ የምትሰሙት ነገር አንድ ነው፤ «ይሄኛው መብራት አይበላም»። አትመኑ። ባለ 1,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁሉ፣ ዘይት ያለውም ሆነ አየር የሚነፋው ወይም ቀይ ብርሃን የሚሰጠው፣ በአንድ ሰዓት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ የሚሰጠውም ሙቀት ያው የዚያኑ ያህል ነው። ልዩነቱ ሙቀቱን የሚያደርስበት መንገድ ላይ ነው። አየር የሚነፋው ትንሽ ክፍልን በደቂቃዎች ያሞቃል፤ ግን ድምፅ አለው፣ ሲጠፋም ሙቀቱ አብሮት ይጠፋል። ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው እንጂ ክፍሉን አያሞቅም፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ እኔ አልደፍረውም። ዘይት ያለው ለመጋል ጊዜ ይወስዳል፤ ከጠፋ በኋላ ግን ቆየት ይላል፣ ቴርሞስታት ካለውም ክፍሉ ሲሞቅ ራሱ ያርፋል። ለሳሎን እሱን እመርጣለሁ።

ከዚህ ሕግ የሚያመልጠው የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ኤሲ ብቻ ነው። ሙቀቱን ከውጭው አየር ስቦ ስለሚያስገባ ከበላው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። መግዣውና መግጠሚያው ግን ከባድ ነው። ምሽቱን ሙሉ ሰው የማይጠፋበት ሰፊ ሳሎን ላለው ያዋጣ ይሆናል፤ በዓመት ሦስትና አራት ወር ለሚበርደን ለአብዛኞቻችን ግን ወጪውን መመለሱን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የእኔ ሦስት ማሞቂያዎች እንዳሰብኩት በየቀኑ አምስት አምስት ሰዓት ቢሠሩ ኖሮ በቀን 30፣ በወር 900 ኪሎዋት ሰዓት ይበሉ ነበር። የቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ መሆኑን አትርሱ፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ዛሬ የምናደርገው ሌላ ነው። ሳሎን ውስጥ ባለ 1,500 ዋቱ ለሦስት ሰዓት ይበራል፣ 4.5 ነው። ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ያንኑ ማሞቂያ ወደ ክፍላቸው ገፍተን ለግማሽ ሰዓት እናበራለን፣ 0.75 ነው። 100 ዋት የምትወስድ የኤሌክትሪክ አንሶላ አልጋችን ላይ ለሁለት ሰዓት ትሠራለች፣ 0.2 ነው። ሲደመር በቀን 5.5 እንኳ አይሞላም፤ በወር 164 ገደማ ነው። ቤተሰቡ ያው፣ ክፍሎቹም ያው። የተለወጠው ማንም ያልተቀመጠበትን ክፍል ማሞቅ መተዋችን ነው። ሁለቱን ማሞቂያዎች ለዘመድ ሸጥኳቸው፤ በኪሳራ፣ ይሁን።

ይህ የሚሠራው ግን ቤቱ ሙቀቱን ከያዘ ነው። አንድ ምሽት እጣን አጭሱና ጭሱን በበርና በመስኮት ጠርዝ ዳር ዳር አሳልፉት። ጭሱ ዝንፍ ባለበት ቦታ ሁሉ ብርዱ እየገባ ነው። የመስኮቱን ክፍተት ተለጣፊ ስፖንጅ ይዘጋዋል። ከበር ሥር ለሚገባው የጨርቅ ቁርጥራጭ የታጨቀበት ረጅም ከረጢት ሰፍታችሁ አጋድሙ፤ አሮጌ የሹራብ እጅጌም ይሆናል። መጋረጃው ወፍራም ይሁን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትመጣ ወለል ተደርጎ ይከፈት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለምትኖሩ ግን መጀመሪያ የሚታየው ኮርኒሱ ነው። የተቀደደ ወይም የሌለ ኮርኒስ ካለ ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አሠሩ፤ ሙቀት ወደ ላይ ነውና የሚሄደው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ቤቱን መድፈን አንድ አደጋ አለው። አማቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ብርድ አያስደነግጣቸውም። ታኅሣሥ ላይ ሊጠይቁን መጥተው ሳለ በእርግጥም መብራት ሄደ። «ልጄ፣ የቡናው ፍም አለ አይደል? እሱን ወደ መኝታ ቤት አስገቢልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ከሰል እኮ ሰው ይገድላል» ብላቸው ሳቁብኝ። «እኛ ስንት ዘመን እሳት ዳር ተኝተን አደግን! ደግሞ ጭሱን ጨርሷል፣ ፍም ሆኗል» አሉ።

የእሳቸው ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልሱን አብረን እንየው። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀይ ከሆነው ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይወስደዋል። አማቴ ያደጉበት የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ቤት በየቀዳዳው ይተነፍስ ስለነበር ጋዙ መውጫ ነበረው። የእኛው የብሎኬትና የአሉሚኒየም መስኮት ቤት፣ ያውም አሁን ስፖንጅ የለጠፍንበት፣ መውጫ የለውም። ብርዱን በደንብ የዘጋ ቤት ከሰሉንም በደንብ ያፍናል።

ስለዚህ ከሰል በመኝታ ቤት፣ በተዘጋ ሳሎንም፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን አይገባም። የቡናው ምድጃም መስኮት ተከፍቶ ይፈላበት፤ ቡናው ሲያልቅ ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራ ማሞቂያ ያላችሁም አየር በሚገባበት ክፍል፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ብቻ ተጠቀሙበት። እሳት ባለበት ክፍል አብረው የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። በርና መስኮት ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፤ ወተትና ሎሚ ፍለጋ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይም በቀጥታ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ታዲያ መብራት በሌለበት ሌሊት ምን ይደረግ? እኛ ቤት መልሱ የላስቲክ የሙቅ ውሃ መያዣ ሆነ። ኩሽና ውስጥ በጋዝ ውሃ አሞቅን፤ የፈላውን ሳይሆን ጥቂት በረድ ያለውን፣ እስከ አፉ ሳንሞላው። አየሩን አስወጥተን ከደንነውና ገላ እንዳያቃጥል በፎጣ ጠቅልለን በእግራቸው በኩል አልጋው ውስጥ አስገባነው። ለልጆቹም እንዲሁ፣ ግን እንቅልፍ ሲወስዳቸው እናወጣዋለን። ላዩ ላይ ጋቢ፣ በእግር ካልሲ፣ ከፍራሹ ሥር ደግሞ አሮጌ ብርድ ልብስ፤ ብርድ ከታችም ይመጣል፣ ብዙዎቻችን የምንረሳው እሱን ነው።

አማቴ ያን ሌሊት ምንም አላሉም። ጠዋት ቁርስ ላይ ነው ያነሱት። «ያቺ ላስቲክ የት ትሸጣለች?» አሉ። ሲመለሱ ሁለት ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ አንዷን ለጎረቤታቸው ነው ብለዋል።