ለእቁብ ደብተር ያለን ትጋት ለጡረታችን የት ገባ?

እኛ ሐበሾች በእቁብ አንታማም። ማን በየትኛው ሳምንት ስንት እንደጣለ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ፣ ማን እንዳረፈደ ጸሐፊው ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፤ ሃያ ዶላር ብትጎድል ጉዳዩ ሳይጣራ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። አሜሪካ ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ ከደሞዛችን ለጡረታ የሚቆረጠው ገንዘብ ጋ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ! ባንክ የገባውን እናያለን፣ "ገብቷል" እንላለን፣ የደሞዝ ወረቀቱን ሳንከፍተው ወሩ ያልፋል።

ዛሬ የምናወራው እዚያ ወረቀት ላይ ስላለች አንዲት መስመር ነው፤ ከግብር በኋላ ስለሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ይህችን መስመር በየቼኩ ሂሳብ መያዣ ሶፍትዌሩ ላይ የማይመዘግብ ሰው፣ ግብር በከፈለበት ገንዘብ ላይ አንድ ቀን ደግሞ ሊገብር ይችላል።

ነገሩን ከሥሩ እናጥራው። የጡረታ ቁጠባ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ግብር ሳይነካው የሚቆረጠው የተለመደው 401ኬ ነው፤ ዛሬ የገቢ ግብር አትከፍሉበትም፣ ስታወጡት ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው በደላዌሩ ሴናተር በዊሊያም ሮት ስም የሚጠራው "ሮት" ሲሆን፣ 401ኬ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 ነው። ግብሩ ዛሬ ይከፈላል፤ ዕድሜያችሁ 59 ዓመት ተኩል ሲደርስና ሂሳቡ አምስት ዓመት ሲሞላው ዋናውም ትርፉም ያለ ግብር ይወጣል። ሦስተኛው ተራው "ከግብር በኋላ" የሚባለው ነው፤ የሚፈቅዱት አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ናቸው። ዋናው ግብር ተከፍሎበታልና ሁለተኛ አይነካም፤ ትርፉ ግን ሲወጣ ይገበርበታል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንግባ። እንበልና አንድ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ጠቅላላ ደሞዙ 3,000 ዶላር ነው። 150 ግብር ሳይነካው ለ401ኬ፣ 100 ለጤና መድን፣ 650 ለልዩ ልዩ ግብር፣ 200 ደግሞ በሦስተኛው ዓይነት ለጡረታ ይቆረጣል። ባንክ የሚገባው 1,900 ነው። አብዛኞቻችን የባንክ ሂሳባችንን ከሶፍትዌሩ ጋር አገናኝተን "ደሞዝ 1,900" ብሎ ሲጽፍልን እንረካለን።

ታዲያ ያ 200 ዶላር ወዴት ሄደ? የጡረታው ሂሳብ ቀሪ ሲወርድ ገንዘቡ ከሰማይ እንደወረደ ሆኖ ይታያል፤ የራሳችን ላብ የአክሲዮን ትርፍ መስሎ "ዘንድሮ ገበያው ሰመረልን" እንላለን። ሌላው ሰው መስመሯን ይመዘግባታል፣ ግን ወጪ ብሎ፤ በዓመት 26 ቼክ ነውና 5,200 ዶላር ቆጥቦ ሳለ ሶፍትዌሩ እንደ አባካኝ ያየዋል። ሦስተኛው ደግሞ ከ401ኬው ጋር ቀላቅሎ "ግብር ሳይነካው የተቆረጠ" ውስጥ ይከታታል። ይሄ የባሰው ነው። ሶፍትዌሩ የዓመቱን ግብር አሳንሶ ይገምታል፣ ሚያዝያ ላይ ሰውየው ይደነግጣል።

ትክክለኛው መንገድ ከባድ አይደለም። ቼኩን ከላይ፣ ከጠቅላላው 3,000 ጀምሩ። ግብሩና የጤና መድኑ ወጪ ናቸው፤ የጡረታው 150 እና 200 ግን ከኪስ ወደ ኪስ የሚሄዱ ዝውውሮች ናቸው። ኩዊከን ቼክን እንዲህ ከፋፍሎ የሚያስገባበት ቅጽ አለው። ነፃው ግኑካሽ ደግሞ በድርብ አመዘጋገብ ስለሚሠራ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ሳትነግሩት አይለቃችሁም። ከሁሉ በላይ ግን ለሦስቱ ዓይነቶች ሦስት የተለያየ ሂሳብ ክፈቱ። አንድ ጊዜ ከተደባለቁ በኋላ መለየት ከተቦካ ሊጥ ውስጥ ውሃውን እንደ መለየት ነው።

"ኩባንያው መዝግቦ ይይዝልን የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ገንዘቡ እዚያ እስካለ ድረስ ይይዛል። ግን ዓመታዊውን ደብልዩ-2 ተመልከቱ። ሣጥን 12 ላይ የተለመደው መዋጮ በ"ዲ"፣ የ401ኬው ሮት በ"ኤኤ" ኮድ ይሰፍራል። ተራው የከግብር በኋላ መዋጮ ግን እዚያ ቦታ የለውም፤ አሠሪው ከፈለገ ሣጥን 14 ላይ ይጽፈዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ሥራ ቀይራችሁ ገንዘቡን ወደ ተለመደው አይ አር ኤ ካዛወራችሁት ደግሞ፣ ግብር የተከፈለበትን ዋና ገንዘብ በቅጽ 8606 እየተከታተሉ ማሳወቅ የናንተ ዕዳ ይሆናል። በዓመት 5,200 በአሥር ዓመት 52,000 ዶላር ነው። ማስረጃው ጠፍቶ ይህ ሁሉ 22 ከመቶ ቢገበርበት 11,440 ዶላር በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ትርፉም እየቆየ ግብር የሚነካው ስለሆነ፣ ሥራ ስትለቁ ዋናውን ወደ ሮት አይ አር ኤ፣ ትርፉን ወደ ተለመደው አይ አር ኤ ለይቶ ማዛወርን አይ አር ኤስ በ2014 ባወጣው መመሪያ ፈቅዷል። ይህን ዕድል ለመጠቀም ግን ዋናው ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

"ይሄ የባለጸጎች ወሬ ነው" የምትሉም ትኖራላችሁ። ፖስታ ቤት ወይም ሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወገኖቻችን ግን ፈርስ ለተባለው የጡረታ ሥርዓት የምታዋጡት ግብር ከተከፈለበት ደሞዛችሁ ላይ ነው። ከ2014 ጀምሮ ለተቀጠረው ለብዙው ሠራተኛ 4.4 ከመቶ ይቆረጣል፤ ከ3,000 ዶላር ላይ 132 መሆኑ ነው። ጡረታው ሲጀመር ያዋጣችሁት በየወሩ ተከፋፍሎ ያለ ግብር ይመለስላችኋል። ድምሩን ዛሬ ያልያዘ ሰው፣ ያን ጊዜ የተሰጠው ቁጥር ልክ መሆኑን በምን ያመሳክራል?

አንድ ነገር ግን እንጨምር። ሶፍትዌርም ሟች ነው። ማይክሮሶፍት መኒ በ2009 ከገበያ ወጣ፤ ብዙ ሰው የለመደው ሚንትም በ2024 ተዘጋ። ጡረታ ደግሞ የሠላሳና የአርባ ዓመት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ ላይ የመጨረሻውን የደሞዝ ወረቀት አስቀምጡ፣ የሦስቱንም ሂሳብ ድምር አትማችሁ ከደብልዩ-2ው ጋር አኑሩ።

የዚህ ሳምንት ቼክ ሲመጣ፣ ባንክ የገባውን ከማየታችሁ በፊት ወረቀቱን ክፈቱና መስመሯን ፈልጉ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልገባችሁ የደሞዝ ክፍሉን ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። የእቁቡን ጸሐፊ ስንት ጊዜ እናፋጥጠው የለ እንዴ!

ቸር እንሰንብት።