የቆመ ሾፌርም ገበያ ነው

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ በጅቡቲ መስመር ላይ ላሉ ከተሞቻችን የተነገረ ይመስላል። ስለ ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር የሚታሰበው ካሜራ ያነገተው ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ግን ምግቡን ከአዲስ አበባ ጭኖ በላንድክሩዘር ያልፋል። ከተሳቢው ወርዶ አልጋ የሚይዘው፣ እራቱን የሚበላው፣ በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው ሾፌር ከእንግዳ አይቆጠርም።

እንደሚታወቀው ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ አሰብ በመዘጋቱ ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ ያልፋል። አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ቢጀምርም አብዛኛው ጭነት ያለው በከባድ መኪና ጫንቃ ላይ ነው። ሾፌሩ የጉምሩክ ፍተሻ ይጠብቃል፣ ጎማ ያስጠግናል፣ ሐሩሩ እስኪበርድ ጥላ ይፈልጋል። በእነዚህ ሰዓታት የሚሸጥለት ምንድን ነው? አልጋ፣ ምግብ፣ ቢራና ጫት። ከዚያም «ሾፌር ገንዘቡን በመጠጥ ጨረሰ» ይባላል። ቢራ ብቻ ከተደረደረበት ሱቅ ገዢው ሌላ ምን ይግዛ?

የሚሸጥ ነገር ጠፍቶ ግን አይደለም። አዋሽ ሰባትን እንውሰድ። ምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በመካከሉ አዋሽ ጣቢያ ሆነች። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር አዋሽ ወንዝ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ በ1926 ዓ.ም. ከግመሎቹ ጋር የተነሣው ከዚሁ ጣቢያ ነው። ወንዙ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ ተከትሎ አየ። የዛሬው ሾፌር ይህንኑ ሸለቆ በየጉዞው ይመላለስበታል፤ ታሪኩን የነገረው ግን የለም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፏፏቴ፣ ፍልውሃና የሳላ መንጋ አለ፤ ሾፌሩ የሚያየው ግን ከመስኮቱ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነዋሪዎች ከቀያቸው የተነሡበትን የፈንታሌ ተራራ ምንነት ቢጠይቅም የሚያስረዳው አያገኝም።

ወደ ጅቡቲ ሲዘልቅ ሚሌ አለች። ሾፌሩ የሚያውቃት በጉምሩኳ ነው። ከዚያች ከተማ በቀን ደርሶ መልስ በሚያስኬደው ሐዳር ግን በኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የተገኘችበት ቦታ ይገኛል፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። አፅሟ ያለው አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ስለሆነ በሜዳው የሚታየው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚያ የሚሸጠው ዕቃ ታሪኩ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ያለ ተራኪ አይሸጥም። ተራኪው ከአካባቢው አፋር ወጣት የበለጠ ማን ሊሆን ይችላል? ይህ ወጣት እስከ ዛሬ ከመንገዱ ያተረፈው የናፍጣ ጭስና በመኪና የተገጨ ግመል ከሆነ፣ መንገዱን እንደ ራሱ ሀብት እንዲያይ እንዴት እንጠብቃለን?

«ሾፌር ጭነቱን ጥሎ ለሽርሽር አይሄድም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሸራው ቢቀደድ፣ ናፍጣው ቢቀዳ ተጠያቂው እሱ ነው። እንቅልፉን የሚሻማ ጉብኝትም ለመንገዱ አደጋ ነው። ስለዚህ ንግዱ መጀመር ያለበት ከሙዚየም ሕንፃ ሳይሆን ከመኪና ማቆሚያ ነው። አጥር፣ መብራት፣ ጥበቃና ደረሰኝ ያለው ማቆሚያ፤ ከጎኑ ሻወርና ንጹሕ አልጋ፤ በሩ ላይ የከተማዋን ታሪክ በአማርኛና በአፋርኛ የሚናገር ሰሌዳ ይኑር። ለጠገበ እንቅልፍ ለተነሣና ቀኑን ለሚውል ሾፌር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ፏፏቴው ወይም ወደ ፍልውሃው የሚያደርስ ሚኒባስ፣ ዋጋው አስቀድሞ የተለጠፈ አስጎብኚ ይቅረብለት። ረዳቱም ተራውን ይሂድ።

ይህ የሚሊዮኖች ኢንቨስትመንት አይጠይቅም። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ይስጥ፤ ባለሆቴሉ አጥሩን ይጠር፤ ወጣቶቹ ተደራጅተው ማስጎብኘቱን ይያዙ። ፓርኩም ለሾፌሮች የሚመች የመግቢያ ሰዓት ይመድብ። ዋጋው ግን የሾፌር ኪስ የሚችለው ይሁን፤ በፈረንጅ ሂሳብ ከተጠየቀ ወደ ቢራው ይመለሳል።

አንድ ነገር አይዘንጋ። ሾፌር ወሬ አዋቂ ነው፤ ዛሬ ሚሌ ያየውን ነገ አዳማ፣ ከነገ ወዲያ ሞጆ ያወራዋል። ከሱ የበለጠ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። በሚቀጥለው ዕረፍቱ ልጆቹን ይዞ ቢመጣስ? የከተሞቻችን ነጋዴዎች ሆይ፣ ገበያው ደጃችሁ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። ውጡና አነጋግሩት።