በቤት ስለሚዘረጋ የተሳቢ መብራት

ከመስክ መኪናው ኋላ ተሳቢ አስሮ የሚጓዝ ሰው፣ የመኪናው የኋላ መብራት በተሳቢው አካል ስለሚጋረድ፣ ፍሬን መያዙንም ሆነ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መታጠፉን ለተከታዩ የሚያስታውቅበት ልሳን በተሳቢው ጀርባ የተተከሉት መብራቶች ብቻ ናቸው። በክረምት የጣርማ በርን ጉም ያቋረጠ ሁሉ፣ ከፊቱ የሚሄደው ተሽከርካሪ መብራት ባይኖረው ምን ያህል መዓት እንደሚቀርብ ያውቃል።

የእነዚህን መብራቶች ሽቦ በግቢው ውስጥ በገዛ እጁ ሊዘረጋ የተነሣውን ባለ መኪና «ለባለሙያ ተወው» እያሉ የሚያናንቁትን ሰዎች አሳብ አልቀበልም፤ ባለሙያ በማይገኝበት ከወንዝ ማዶ ሽቦው ሲበጠስ፣ በየት አልፎ በየትኛው ፊውዝ እንደተጠበቀ ፈጥኖ የሚያውቀው ራሱ የዘረጋው ሰው ነውና። ነገር ግን መብራቱ የሚያገለግለው ከኋላ የሚመጣውን የማይታወቅ መንገደኛ ስለሆነ፣ ሥራው ለራስ ከሚሠራ ሥራ ሁሉ የበለጠ ትጋት ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የመሬት ሽቦ ነው። ኃይለ ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ አምፑሉን ካበራ በኋላ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ፍኖት ሊኖረው ግድ ሲሆን፣ ብዙዎች የጋንቾውና የተሳቢው ብረት መነካካቱ ይበቃል ብለው ይተዉታል፤ ጋንቾው ግን ግራሶ የተቀባ፣ አቧራ የጠጣ፣ በየጉድጓዱ የሚነጥር ብረት ነው። መመለሻው በተቋረጠ ጊዜ ኃይሉ በሌሎቹ አምፑሎች በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የግራው ፍሬቻ ሲበራ የቀኙም በጭላንጭል አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፍሬን ሲረገጥም የጉዞው መብራት ይደክማል። ይህን ያየ ሰው አምፑል ሊለውጥ ይሮጣል፤ ደዌው ግን ከአምፑሉ አይደለም። መድኃኒቱ ራሱን የቻለ የመሬት ሽቦ በሶኬቱ በኩል ማሳለፍ፣ በሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ስፍራ ቀለሙ ለቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ በብሎን አጥብቀው ካሰሩ በኋላም ዝገት እንዳይገባው በግራሶ መሸፈን ነው።

ሁለተኛው ነገር ፈተናው ነው። ባለ 12 ቮልቱ የፍሬን አምፑል 21 ዋት ስለሆነ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ 3.5 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ ክሮቿ ሁሉ ተበጣጥሰው አንዲት ብቻ የቀረችላት ሽቦ ግን፣ አምፑል ሳይበራባት በመለኪያ ቢነኳት ያለ እፍረት 12 ቮልት ታሳያለች። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት መብራቶቹ በርተው፣ ፍሬኑ ተረግጦ፣ ከአምፑሉ ዘንድ ነው። ፈተናውን ቢያልፍም፣ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በአስፋልት ላይ ጥቂት ቢያቆይ እንኳ በኮረኮንች አይጸናም።

ሦስተኛው ነገር የየሽቦው ድርሻ ነው። የአሜሪካ ቀላል ተሳቢዎች በተለመደው ባለ አራት ሽቦ ሥርዓት ነጩን ለመሬት፣ ቡናማውን ለጉዞ መብራት፣ ቢጫውን ለግራ፣ አረንጓዴውን ለቀኝ ያደርጋሉ፤ ፍሬንና ፍሬቻም በአንድ ሽቦ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ሁለቱን ለየብቻ ስለሚልኩ፣ በመካከል የሚያጣምር መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የፍሬኑን ሽቦ ከሁለቱ ፍሬቻዎች ጋር የሚያጋጥም ሰው የግራውን ምልክት ወደ ቀኝም ይልከዋል። በኮምፒዩተር መብራታቸውን ለሚቈጣጠሩ አዳዲስ መኪኖችም፣ የተሳቢው ኃይል በራሱ ፊውዝ ተጠብቆ ከባትሪው ቢመጣ ይሻላል።

የራሱ ኤሌክትሪክ ፍሬን ያለውን ከባድ ተሳቢ ግን በገዛ እጅ በመሥራት ፈቃድ ውስጥ አላስገባውም። እርሱን ሙያው ያለው ሰው ይሥራው፤ ባለ መኪናው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱ ሽቦ በየት እንዳለፈ ይመልከት።